ምርትዎን በኤአይ በተሠራች ሞዴል ሲያሳዩ ዕቃው እንዳይለወጥ፦ ከፎቶ ማንሳት እስከ መለጠፍ

የሸሚዝ ፎቶ ወደ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) የምስል መሣሪያ ይሰቀላል፤ «ይህን አንዲት ቆንጆ ሴት ትልበሰው» ተብሎ ይታዘዛል። ብዙም ሳይቆይ ዓይን የሚስብ ምስል ይመጣል፣ ይለጠፋል፣ ሸሚዙ ይሸጣል። ከዚያ ገዢዋ «የላካችሁልኝ ሌላ ነው» ብላ ትመልሰዋለች። ምስሉን ጠጋ ብለው ሲያዩት ሰባቱ ቁልፎች አምስት ሆነዋል፣ የደረት ኪሱ ጠፍቷል፣ ጥቁር ሰማያዊው ጥቁር ለመሆን ምንም አልቀረው። መሣሪያው ሸሚዝዎን አላለበሳትም፤ ሸሚዝዎን የሚመስል ሌላ ሸሚዝ ሳለላት።

ከታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ ይህን ለመከላከል ነው። ሞዴሏ እንዳሻዎ ትለዋወጥ፤ ዕቃው ግን ከመነሻው ፎቶ ንቅንቅ አይበል።

## መጀመሪያ ይለዩ፦ ዕቃዎ ለዚህ ሥራ ይሆናል?

ቲሸርት፣ ሸሚዝ፣ ሹራብ፣ ጃኬት፣ ኮፍያ፣ የእጅ ቦርሳና ጫማ ጥሩ ይወጣሉ። ዳንቴል፣ ገላ የሚያሳይ ስስ ጨርቅ፣ ፈርጥ የበዛበት ልብስ፣ ቀጭን ሐብል፣ መነጽርና የእጅ ሰዓት አስቸጋሪ ናቸው፤ ደረጃ 6ን ሳያሳልፉ አይለጥፏቸው።

የፊት ቅባት፣ የፀጉር ምርት፣ ክብደት መቀነሻ፣ ሰውነት የሚያስተካክል የውስጥ ልብስ ከሆነ ግን አይሞክሩ። በምስሉ ላይ ያለው ፊት ያንን ቅባት ተቀብቶ አያውቅም። ጥርት ያለ ፊት ከጠርሙሱ ጎን ማስቀመጥ ያልተገኘ ውጤት እንደ ማስረጃ ማቅረብ ነው። የልጆች ልብስንም በማኔኪን ላይ ወይም ዘርግተው ያንሱ፤ የልጅ ምስል ወደማመንጨት አይግቡ።

## ደረጃ 1፦ ዕቃውን በትክክል ፎቶ ማንሳት

አብዛኛው ብልሽት የሚመነጨው እዚህ ነው። ትእዛዙን ደጋግሞ ከማስተካከል ይልቅ ፎቶውን እንደገና ማንሳት ይቀላል።

1. ልብሱን ይተኩሱት፣ ክርና ጸጉር ያንሱለት። መሣሪያው የጨርቅ እጥፋትን ከስፌት አይለይም፤ ያልተተኮሰ መስመር በምስሉ ላይ ስፌት ሆኖ ይመጣል። ቦርሳ ከሆነ ቅርጹን እስኪይዝ ወረቀት ይጠቅጥቁበት።

2. ከመስኮት በጎን በኩል የሚገባ ብርሃን ይጠቀሙ፤ ፀሐይ በቀጥታ አትምታው። በተቃራኒው ጎን ነጭ ካርቶን ያቁሙ። የክፍሉን አምፖሎች በሙሉ ያጥፉ፤ የአምፖልና የቀን ብርሃን ሲቀላቀሉ የግራና የቀኝ እጅጌ ቀለም ይለያያል፣ ይህን በኋላ ማስተካከል ፈተና ነው።

3. ስልክ ከሆነ ዋናውን ሰፊ ሌንስ ትተው ዙሙን 2 እጥፍ ያድርጉ፤ 2 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሂዱ፤ ካሜራው ከዕቃው መሃል ቁመት ጋር እኩል ይሁን። በቅርብ በሰፊ ሌንስ ሲነሳ ትከሻው ይሰፋል፣ ጠርዙ ይጠባል፤ መሣሪያው ያንን የተዛባ ቅርጽ እንደ እውነት ይወስደዋል።

4. የፖርትሬት ሞድንና ማሳመሪያ ፊልተሮችን ያጥፉ። ፖርትሬት ሞድ የልብሱን ጠርዝ ስለሚያደበዝዝ ክር፣ ዘርፍና ማንገቻ ይበላል።

5. ከኋላው የሚሆነው ግድግዳ ከዕቃው ቀለም በግልጽ የተለየ ይሁን። ነጭ ሸሚዝ በነጭ ግድግዳ ላይ ጠርዝ የለውም።

6. ፊት፣ ጀርባ፣ ሁለቱን ጎኖችና 45 ዲግሪ ያንሱ። ከዚያ ጠጋ ብለው ሎጎውን፣ ቁልፉን፣ ዚፑን፣ የጨርቁን ሽመና። በመጀመሪያው ፎቶ ጥግ ላይ ግራጫ ካርድ ያስቀምጡ፤ ከሌለ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ይበቃል። ደረጃ 5 ላይ ቀለም የሚለካው በእሱ ነው።

ልብስን ወለል ላይ ዘርግቶ ማንሳት የሚመች ቢመስልም እጅጌው ታጥፎ ከተቀመጠ አጭር እጅጌ ሆኖ ይወጣል። ማኔኪን ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ልብሱን እውነተኛ ሰው ለብሶት ከአንገት በታች ማንሳት ነው፦ ጨርቁ ትከሻ ላይ እንዴት እንደሚወድቅ፣ ወገብ ላይ የት እንደሚሸበሸብ መገመት አያስፈልግም። ኤአዩ የሚሠራው ጭንቅላቱንና ከጀርባ ያለውን ብቻ ይሆናል። ለባሹ ጎረቤትዎም ቢሆን ፎቶው በኤአይ እንደሚቀየርና ለማስታወቂያ እንደሚውል የሚገልጽ ፈቃድ በጽሑፍ ይቀበሉ።

### የዕቃውን መታወቂያ ይጻፉ

ፎቶው እንዳለቀ፣ ዕቃው እጅዎ ላይ እያለ፣ ሊቆጠርና ሊለካ የሚችለውን ሁሉ በግማሽ ገጽ ያስፍሩ። ለምሳሌ፦ «ቁልፍ 7፣ ነጭ፣ ባለ 4 ቀዳዳ። ኪስ 1፣ በለባሹ ግራ ደረት። እጅጌ 62 ሴ.ሜ፣ እስከ አንጓ። ኮሌታ ሹል። የጠርዝ ስፌት ድርብ። ሎጎ 4 ሴ.ሜ፣ ከኪሱ በላይ።» ይህ ወረቀት ለትእዛዙም ለምርመራውም ያገለግላል። ዘለውት የሚያልፉ ሰዎች በኋላ ስሕተቱን የሚያገኙት ከገዢው ነው።

## ደረጃ 2፦ መሣሪያ መምረጥና ውሉን ማንበብ

ሦስት ዓይነት መሣሪያ አለ። አንደኛው ፎቶ ተቀብለው በንግግር የሚያስተካክሉት እንደ ጀሚናይ፣ ቻትጂፒቲና አዶቤ ፋየርፍላይ ያሉት ነው። ሁለተኛው ለልብስ ማልበስ ብቻ የተሠራ ነው። ሦስተኛው እንደ ስቴብል ዲፊዩዥን በራስ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ነው። ጥቂት ዓይነት ዕቃ ያለው ሰው ከመጀመሪያው ይጀምር። መቶና ሁለት መቶ ልብስ ያለው ሁለተኛውን ይሞክር። ሦስተኛው ኃይለኛ ግራፊክስ ካርድና የሚነካካ ሰው ይፈልጋል፤ ሁለቱም ከሌሉዎት ጊዜዎን አይጨርሱበት።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ከውሉ ውስጥ ሦስት መልስ ይፈልጉ፦ በነጻው አካውንት የተሠራ ምስል ለንግድ ይፈቀዳል? የሰቀልኩትን ፎቶ ለማሠልጠኛ ይወስዱታል? የወጣው ምስል የማን ነው? መልሱን ከነቀኑ ስክሪንሾት አንስተው ያስቀምጡ፤ ውሎች ይለዋወጣሉ። «ክፍት ነው» የተባለ ሁሉ ለንግድ አይፈቀድም። አይዲኤም-ቪቶን የሚባለው የታወቀ የማልበሻ ፕሮግራም ለምሳሌ ለንግድ እንዳይውል የሚከለክል ፈቃድ ነው ያለው።

ሌላም አለ። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ባወጣው ሪፖርት፣ በትእዛዝ ብቻ የተመነጨ ምስል የቅጂ መብት አያገኝም ብሏል። ተፎካካሪ ሞዴልዎን ቢወስዳት የሚከራከሩበት ነገር ላይኖር ይችላል። ራስዎ ያነሱት የዕቃ ፎቶ ግን የእርስዎ ነው፤ ኦሪጅናሉን አያጥፉ።

## ደረጃ 3፦ ሞዴሏን ብቻዋን መሥራት

ሞዴሏንና ልብሱን በአንድ ትእዛዝ አይጠይቁ። መጀመሪያ ሞዴሏን፣ ተራ ግራጫ ቲሸርት አልብሰው፣ ያለ ዕቃዎ ይሥሯት።

1. ዕድሜ በቁጥር ይጻፉ፣ 25 እና ከዚያ በላይ። «ወጣት ልጅ» የሚል ቃል ከተፈለገው በታች ያወርዳል።

2. የቆዳ ቀለም፣ የፀጉር ዓይነት፣ የሰውነት መጠን በግልጽ ይጻፉ። ካልጻፉ መሣሪያው የለመደውን ይሰጥዎታል፤ የለመደው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀጭንና ቀላ ያለ ነው። ያነሱት ናሙና ላርጅ ከሆነ ሞዴሏም ላርጅ ለባሽ ትሁን፤ አለዚያ ልብሱን እንዲያጠብ እያዘዙት ነው።

3. «ቆንጆ»፣ «ፍጹም»፣ «እንከን የለሽ» አይበሉ። ፕላስቲክ የሚመስል ቆዳ የሚመጣው ከእነዚህ ቃላት ነው። «የቆዳ ቀዳዳዎች የሚታዩ፣ የፊቷ ሁለት ጎን በጥቂቱ የሚለያይ፣ ሜካፕ ያልበዛባት» ይበሉ።

4. የታዋቂ ሰው ስም አይጥሩ፣ ከኢንተርኔት ያገኙትን የማንንም ፊት አይስቀሉ።

5. የመረጧትን ፊት በአራት አቅጣጫ ያሠሩ፦ ከፊት፣ ሦስት ሩብ ዞራ፣ ከጎን፣ ሙሉ ቁመት። አራቱን በአንድ ገጽ ላይ ይለጥፉ። ከዚህ በኋላ በእያንዳንዱ ትእዛዝ ይህ ገጽ አብሮ ይሰቀላል፤ ፊቷ ከፎቶ ፎቶ የማይለዋወጠው በዚህ ነው።

6. ፊቷን በምስል መፈለጊያዎቹ በጉግል ሌንስና በቲንአይ ይፈልጉ። ቁርጥ አንድ እውነተኛ ሰው ከመጣ ይጣሏት፣ ሌላ ይሥሩ።

ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ሲሆን፦ በተደጋጋሚ ማስተካከል ቆዳው እየነጣ ወይም አመድ እየመሰለ ሊሄድ ይችላል፤ በአንድ ዙር ስለማይታወቅ ዓይን ይለምደዋል። የመጀመሪያውን ምስል ጎን ለጎን ከፍተው ያወዳድሩ። በትእዛዙ ላይ «ሞቅ ያለ የቀን ብርሃን፣ የቆዳዋ ቀለም እንደ ማጣቀሻው» ብለው ይጨምሩ።

## ደረጃ 4፦ ማልበስ

አሁን ሦስት ነገር አብረው ይሰቅላሉ፦ የሞዴሏን ገጽ፣ የዕቃውን ፊት፣ ጠጋ ተብሎ የተነሳውን ዝርዝር። ትልልቆቹ መሣሪያዎች አማርኛ ይገባቸዋል፤ ነገር ግን የስፌትና የጨርቅ ስሞች በመሃል ይጠፋሉ። ሐሳቡን በአማርኛ ያስተካክሉና ወደ እንግሊዝኛ መልሰው ይስጡት። ቅደም ተከተሉ ይህን ይምሰል፦

«በመጀመሪያው ምስል ያለችው ሴት በሁለተኛው ምስል ያለውን ሸሚዝ ለብሳለች። ሸሚዙ 7 ነጭ ቁልፎች፣ በለባሿ ግራ ደረት አንድ ኪስ ያለው፣ እጅጌው እስከ አንጓ የሚደርስ ነው። የሸሚዙን ቀለም፣ ርዝመት፣ ቁልፍ፣ ኪስና ሎጎ ምንም አትቀይር። ፊት ለፊት ቆማ፣ እጆቿ ወደ ታች ተለቀው፣ ፀጉሯ ከኮሌታው ኋላ። ከጭን በላይ፣ ካሜራው በደረት ቁመት። ከግራ የሚመጣ ለስላሳ የመስኮት ብርሃን። ቀላል ግራጫ ግድግዳ።»

አቋቋም ሲመርጡ ዕቃውን የሚሸፍን ነገር አይኑር። የተጣመረ ክንድ ሎጎ ይበላል። ደረት ላይ የወረደ ፀጉር ኮሌታን ያበላሻል፣ ከቦርሳ ማንገቻ ጋርም ይዋሐዳል። የሚራመድ ሰው እግርና የልብስ ጠርዝ ያጣምማል።

ለአንድ አቋቋም ከ4 እስከ 8 ምስል ያውጡ፤ ከመካከላቸው ለዕቃው ታማኝ የሆነውን ይምረጡ፣ ለዓይን ያማረውን አይደለም። ይህ ከባድ ነው፤ ያማረው ሁልጊዜ ይጎትታል።

ሲበላሽ፦

- አንድ ነገር ሲያስተካክል ሌላ ያበላሻል። በአንድ ዙር አንድ ለውጥ ብቻ ይጠይቁ። ከሦስት ዙር በላይ በዚያው ንግግር አይቀጥሉ፤ መሣሪያው በየዙሩ ሙሉውን ምስል እንደገና ስለሚሥል ጥራቱ እየወረደ፣ ቀለሙ እየሸሸ ይሄዳል። አዲስ ንግግር ከፍተው ከኦሪጅናሎቹ ይጀምሩ።
- ጥለቱ ይለወጣል። ትንንሽ አበባና ጠባብ መስመር በትእዛዝ አይስተካከልም። ወደ ደረጃ 6 ይውሰዱት።
- በዕቃው ላይ ያለ ጽሑፍ ይዝረከረካል። የላቲን ፊደል አንዳንዴ ይተርፋል፤ የግዕዝ ፊደል ግን ፊደል መሳይ ጭረት ይሆናል። አይታገሉት፣ ይህም ደረጃ 6 ነው።

## ደረጃ 5፦ ምርመራ

ምስሉን ኮምፒውተር ላይ 200 ፐርሰንት ያጉሉት። በስልክ መመርመር አለመመርመር ነው። ከተቻለ ምስሉን ያልሠራ ሰው የዕቃውን መታወቂያ ይዞ መስመር በመስመር ይቁጠር።

ግራና ቀኝ። የለባሹ ግራ ደረት ከተመልካች አንጻር በስተቀኝ ነው። ኪሱ በተቃራኒው ካለ ምስሉ እንደ መስታወት ተገልብጦ ሊሆን ይችላል፤ የቁልፉ መዝጊያ ጎንም አብሮ ተገልብጦ እንደሆነ ይዩ።

መጠን። ለጌጣጌጥ፣ ለጠርሙስና ለቦርሳ ዋናው አደጋ ይህ ነው፤ መሣሪያው ዕቃ ጎልቶ እንዲታይ ያሳድጋል። በሰውነት ይለኩ። የአዋቂ ሰው ጆሮ ቁመት 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጉትቻዎ 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የጆሮዋ ግማሽ መሆን አለበት። በምስሉ ላይ ጆሮዋ 180 ፒክስል ከሆነ ጉትቻው 90 አካባቢ ይሁን፤ 150 ሆኖ ካገኙት 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉትቻ እያስተዋወቁ ነው። ለእጅ ዕቃ ደግሞ የመዳፍ ስፋትን፣ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ይጠቀሙ።

ቀለም። በመነሻው ፎቶ ላይ ግራጫ ካርዱን ተጠቅመው የብርሃኑን ቀለም ያስተካክሉ። ከዚያ በምስል ማስተካከያ ፕሮግራም (ደረጃ 6ን ይዩ) የቀለም መምረጫ ከሁለቱም ምስሎች ጥላም ነጸብራቅም የሌለበት ተመሳሳይ ቦታ ይንኩ። ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ቁጥሮች አንዱ ከ10 በላይ ከተለያየ ያስተካክሉ።

ሰውነት። ጣት ይቁጠሩ። ሁለቱ ጆሮዎች አንድ ዓይነት ይሁኑ። ጫማ ከሆነ ሁለቱም የቀኝ እግር እንዳይሆኑ ይዩ፤ ብዙ ሰው ያመልጠዋል። ሐብሉ አንገት ዙሪያ ሳይቆረጥ ይዙር። እግሯ መሬት ላይ ጥላ ይኑረው፤ ከሌለ ተንሳፋ ትታያለች።

## ደረጃ 6፦ እውነተኛውን ዕቃ መልሶ መለጠፍ

ብዙዎች የማያደርጉት፣ ልዩነቱን የሚያመጣው ደረጃ ነው። ፎቶሾፕ ከሌለዎት በብሮውዘር የሚከፈተው ፎቶፒ ወይም ነጻው ጂምፕ ይበቃል።

1. የኤአዩን ምስል ይክፈቱ። እውነተኛውን ሎጎ፣ ኪስ ወይም ጥለት ከኦሪጅናሉ ቆርጠው በላዩ ላይ እንደ አዲስ ሌየር (በምስሉ ላይ የሚደረብ ንብርብር) ያስቀምጡ።
2. የሌየሩን ግልጽነት ወደ 50 ፐርሰንት ያውርዱና ከታች ካለው ጋር ያግጥሙ። መጠንና አቅጣጫ መጀመሪያ፣ ማጣመም በመጨረሻ። አልቆ ሲገጥም ወደ 100 ይመልሱ።
3. ማስክ (የሌየሩን ከፊል የሚደብቅ መሸፈኛ) ጨምረው ጠርዙን በለስላሳ ብሩሽ ያዋሕዱ።
4. ከላይ ባዶ ሌየር ጨምረው ወደ ማልቲፕላይ (ከታች ያለውን የሚያጠቁር የማዋሐጃ ዓይነት) ይቀይሩ፤ በግራጫ ቀለም፣ በደካማ ብሩሽ፣ ጥላው ባለበት በኩል ያጥቁሩ። ያለ ጥላ የተለጠፈ ሎጎ ስቲከር ይመስላል።
5. የተለጠፈው ከሌላው ይልቅ ጥርት ካለ ግማሽ ፒክስል ያህል ያደብዝዙት፣ 1 ወይም 2 ፐርሰንት ኖይዝ (ጥቃቅን ነጠብጣብ) ይጨምሩ።

ጠርሙስ፣ ቦርሳና ጫማ ሲሆን ሥራውን ይገልብጡት። ሞዴሏ በዕቃዎ ልክ የሆነ ተራ ግራጫ ጠርሙስ እንድትይዝ ያዝዙ፤ እውነተኛውን በላዩ ይለጥፉ፤ ጣቶቿን ብቻ በማስክ ወደ ፊት ያምጡ። የዕቃው ፎቶ በምስሉ ውስጥ ብርሃኑ በሚመጣበት ጎን ካልተነሳ አይገጥምም፤ እንደገና ያንሱት።

## ደረጃ 7፦ ኤአይ መሆኑን መግለጽ

ምስሉ አጠገብ፣ ሰው በሚያነበው መጠን ይጻፉ፦ «ሞዴሏ በኤአይ የተሠራች ናት። ልብሱ የራሱ ፎቶ ነው።» ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር የሚጽፉት እውነት ከሆነ ብቻ ነው። የልብስ ኩባንያው ጌስ በኦገስት 2025 የቮግ መጽሔት ዕትም ላይ የኤአይ ሞዴል ያለበት ማስታወቂያ ሲያወጣ መግለጫው ነበረበት፤ በጥቃቅን ጽሑፍ ስለነበረ ግን ከወቀሳ አላዳነውም።

ግዴታው እንደ ገበያዎ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የኤአይ ሕግ አንቀጽ 50 እውነተኛ የሚመስሉ የተፈበረኩ ምስሎች እንዲገለጹ ያዛል። ኒው ዮርክ በዲሴምበር 2025 የፈረመችው ሕግ በማስታወቂያ ላይ የሚታይ ሰው ሠራሽ ተዋናይ በግልጽ እንዲነገር ይጠይቃል፤ ቅጣቱ በመጀመሪያው 1,000፣ ከዚያ በኋላ 5,000 ዶላር ነው። ቲክቶክ እውነተኛ የሚመስል የኤአይ ይዘት ምልክት እንዲደረግበት ያዛል። ሻጮች ምርታቸውን ጉግል ላይ የሚያስገቡበት ጉግል መርቻንት ሴንተር ደግሞ በፋይሉ ውስጥ ያለው የኤአይ መለያ መረጃ እንዳይፋቅ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ስክሪንሾት አንስተው አይስቀሉ፣ መረጃውን የሚጠርግ መጭመቂያም አይጠቀሙ።

የኤአይ ሰው «ለሦስት ወር ለበስኩት፣ ወደድኩት» አይበል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው ደንብ የሌለ ሰው ምስክርነትን ይከለክላል። ደንቡ በማይደርስበት ገበያም ቢሆን ይህ ውሸት ነው።

## ደረጃ 8፦ ፋይሉን ማውጣት

ኤስአርጂቢ (ለስክሪን የተለመደው የቀለም ዓይነት)፣ ጄፔግ፣ ጥራት 85። ለኢንስታግራም 1080 በ1350፣ ለስቶሪ 1080 በ1920 ፒክስል። አማዞን ላይ ዋናው ምስል ንጹሕ ነጭ ጀርባ ያለው፣ ዕቃው 85 ፐርሰንቱን የሚሞላ መሆን አለበት። የምስል ማሳደጊያ ከተጠቀሙ ከ2 እጥፍ አይለፉ፤ ከዚያ በላይ የሌለ ሽመና ይፈጥራል። አሳድገው ሲጨርሱ ደረጃ 5ን ይድገሙ።

## ከተለጠፈ በኋላ

ከኤአዩ ምስል ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ የሚመጣው ያልተነካው የዕቃ ፎቶ ይሁን፤ ሦስተኛው የመጠን ሠንጠረዥ። የኤአይ ምስል ልብሱ ሰውነት ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ የሚያረጋግጠው ነገር የለም፤ መሣሪያው ጨርቁ ምን ያህል እንደሚለጠጥ አያውቅም።

ዕቃ ተመልሶ ሲመጣ ምክንያቱን በገዢው ቃል ይመዝግቡ። በአንድ ዕቃ ላይ «ፎቶውን አይመስልም» ሁለት ጊዜ ከተባለ ምስሉን የዚያኑ ዕለት ያውርዱ፣ መታወቂያውን ይዘው 200 ፐርሰንት ላይ እንደገና ይቀመጡ። መጀመሪያ ቀለሙን ይዩ፣ ቀጥሎ ርዝመቱን።